ሪቻርድ ራስል የሲቪል መብት ሕጎችን ያን ያህል ዓመት እንዴት አገደ?

ጥያቄው፦ «የምንኖረው አትላንታ አጠገብ ነው። ልጄ ለታሪክ ትምህርት ስለ ሴናተር ሪቻርድ ራስል እንድትጽፍ ታዛለች። አንዱ ጽሑፍ የትምህርት ቤት ምሳ አባት ይለዋል፤ ሌላው የዘር መለያየት ዋና ጠበቃ ይለዋል። የቱ ነው ልክ? አንድ ሰው ከዚያ ሁሉ ሴናተር መካከል ተቀምጦ ሕግ ለሠላሳ ዓመት ማገድ እንዴት ቻለ? ስሙስ እስከ ዛሬ ሕንፃ ላይ ለምን ቀረ?»

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው። ልጅዎ ግን «በአንድ በኩል ደግ፣ በሌላ በኩል ክፉ» ብላ ለሁለት ከከፈለችው ሰውየው ያመልጣታል። የራስል ፖለቲካ አንድ ወጥ ነው፤ ከዋሽንግተን ገንዘቡ ወደ ደቡብ ይምጣ፣ ትእዛዙ ግን እዚያው ይቅር የሚል ነው። የምሳውን ሕግ የወለደውም የሲቪል መብት ሕጎችን ያገደውም ይኸው አቋም ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ራስል ኖቬምበር 2 ቀን 1897 ዊንደር በምትባል የጆርጂያ ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጠበቃና ዳኛ ነበር፤ በኋላም የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ሆነ። አባትየው አገረ ገዥም ሴናተርም ለመሆን ተወዳድሮ አልቀናውም። ለአካለ መጠን ከደረሱት አሥራ ሦስት ልጆች መካከል ሪቻርድ የወንዶቹ ታላቅ ስለነበር የአባቱን ስምም ምኞትም ወረሰ። በ1918 ከጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቆ ዊንደር ውስጥ ጥብቅና ጀመረ። በ1920 ለክልሉ የተወካዮች ምክር ቤት ሲመረጥ ዕድሜው ገና 23 ነበር። (ክልል የምለው የአሜሪካኖቹን ስቴት ነው።)

በዚያ ምክር ቤት አሥር ዓመት ቆየ፤ ከ1927 እስከ 1931 አፈ ጉባኤ ነበር። ብዙ ጽሑፎች ይህን ዘመን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል፤ ልጅዎ እንዳታልፈው። የአፈ ጉባኤ ሥራ ዋናው ንግግር ማሳመር አይደለም። የትኛው ረቂቅ መቼ እንደሚቀርብ፣ ወደ የትኛው ኮሚቴ እንደሚመራ፣ ማን መቼ ተነሥቶ እንደሚናገር መወሰን ነው። ራስል ዋሽንግተን ሲገባ ብዙዎቹ አዳዲስ ሴናተሮች ያልነበራቸውን ነገር ይዞ ገባ፤ ደንብ የተቀናቃኝን እጅ እንዴት እንደሚያስር በተግባር ያውቅ ነበር።

በ1930 አገረ ገዥ ሆኖ ተመረጠ። በ1931 ክረምት በ33 ዓመቱ ቃለ መሐላ ሲፈጽም ያስማለው ዋና ዳኛው አባቱ ነው። ጊዜው ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የበረታበት፣ የጥጥ ዋጋ የወደቀበትና የክልሉ ካዝና የተራቆተበት ነበር። ራስል የክልሉን መሥሪያ ቤቶች አጣጥፎ ከ102 ወደ 17 አወረዳቸው፤ የመንግሥት ኮሌጆችንም በአንድ የበላይ ቦርድ ሥር አሰባሰበ። ያ ቦርድ ዛሬም የጆርጂያን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ያስተዳድራል። ልጅዎ ከዚያው ክልል ኮሌጅ ከገባች ትምህርት ቤቷ በዚያ ቦርድ ሥር ሊሆን ይችላል።

ሴናተር ዊልያም ሃሪስ በኤፕሪል 1932 ሲሞት ክፍቱን ወንበር በጊዜያዊነት የመሙላት ሥልጣን የአገረ ገዥው የራስል ነበር። የጋዜጣ አሳታሚ የነበረውን ጆን ኮኸንን ሾመና ለቀሪው ዘመን ራሱ ተወዳደረ። ነባሩን የኮንግረስ አባል ቻርልስ ክሪስፕን አሸንፎ በጃንዋሪ 1933 ሴኔት ገባ። በዕድሜ ከሁሉም ሴናተሮች ያንስ ነበር፤ እስኪሞት ድረስም ከሴኔት አልወጣም።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ያላስነካው ምንድን ነው የሚለው የጥያቄዎ ቁልፍ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም እንበል። በዚያ ዘመን ጆርጂያ ውስጥ ትክክለኛው ምርጫ የዴሞክራቶች ቀዳሚ ምርጫ፣ ማለትም ፓርቲው ዕጩውን የሚመርጥበት ነው፤ ኖቬምበር ላይ የሚደረገው ለወጉ ያህል ነበር። በቀዳሚው ምርጫ ጥቁሮች እንዳይሳተፉ እስከ 1946 ተከልክለው ቆይተዋል። ለመምረጥ የሚከፈለው ግብርም እስከ 1945 ነበር፤ ድሃው ነጭ ገበሬ ራሱ በዚያ የተነሣ ከምርጫ ይቀር ነበር። በዚህ ላይ የካውንቲ ዩኒት የሚባለው አቆጣጠር ተጨመረ። ጆርጂያ 159 ካውንቲዎች (የክልሉ ንዑስ አስተዳደሮች) አሏት። ትልልቆቹ 8 ካውንቲዎች እያንዳንዳቸው 6 ነጥብ፣ ተከታዮቹ 30 እያንዳንዳቸው 4 ነጥብ፣ የቀሩት 121 ደግሞ እያንዳንዳቸው 2 ነጥብ ነበራቸው። ድምሩ 410 ነው። በአንድ ካውንቲ ብዙ ድምፅ ያገኘ የካውንቲውን ነጥብ ጠቅልሎ ይወስዳል።

ልጅዎ ሒሳቡን ራሷ ትሥራው። 121 በ2 ሲባዛ 242 ይሆናል፤ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ደግሞ 206 ነው። ስለዚህ ትንንሾቹን የገጠር ካውንቲዎች የያዘ ሰው አትላንታ ብትደግፈውም ባትደግፈውም ግድ የለውም። አብዛኛው አትላንታ ያለበት ፉልተን ካውንቲ፣ ጥቂት ሺህ ሰው ብቻ ከሚኖርባቸው ሦስት የገጠር ካውንቲዎች ጋር እኩል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን አሠራር የሻረው በ1963 ነው። ራስልን ሴኔት ያስገባውና ያቆየው ሕዝብ እንግዲህ የገጠሩ ነጭ መራጭ ነው፤ በጆርጂያ ጥቁሮች ላይ ሲወስን ለእነሱ የሚጠየቅበት መንገድ አልነበረም። በ1936 አገረ ገዥው ዩጂን ታልማጅ ተገዳድሮት ነበር። ታልማጅ የፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ፕሮግራሞች ሲያወግዝ ራስል ደግፎ ተከራከረና በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ደፍሮ የሚገዳደረው አልመጣም።

ይህ ደኅንነት ዋሽንግተን ውስጥ ወደ ሥልጣን ይመነዘራል። በሴኔት የኮሚቴ ሰብሳቢነት የሚገኘው በአገልግሎት ዘመን ርዝመት ነበር። ከኒው ዮርክ ወይም ከኢሊኖይ የመጣ ሴናተር በየስድስት ዓመቱ ብርቱ ተቀናቃኝ ይጠብቀዋል፤ የደቡቡ ግን ተቀናቃኝ ስለሌለው ዓመት እየቆጠረ ወደ ላይ ይወጣል። ራስል የእርሻ በጀት ንዑስ ኮሚቴን ያዘ፤ ከዚያም በዚህ መንገድ ከ1951 እስከ 1953፣ ቀጥሎም ከ1955 እስከ 1969 የጦር ኃይሎች ኮሚቴን በሰብሳቢነት መራ። ግድብ፣ የጦር ሠፈር ወይም ለገበሬዎቹ ድጎማ የሚፈልግ ሴናተር ሁሉ አንድ ቀን የእሱን በር ማንኳኳቱ አይቀርም። ራስል ውለታ በአደባባይ አይቆጥርም ነበር፤ ውለታ የተዋለለት ሰው ግን አይረሳውም።

የምሳው ሕግ የመጣው ከዚህ ነው። የብሔራዊ የትምህርት ቤት ምሳ ሕግ በጁን 1946 ጸደቀ፤ ከ1999 ጀምሮ በራስል ስም ይጠራል። መነሻው ሁለት ነገር ነው። በጦርነቱ ጊዜ ብዙ ወጣቶች በምግብ እጥረት በመጣ የጤና ችግር ከምልመላ ተመልሰዋል። ገበሬው ደግሞ ገበያ የማያነሣው ትርፍ ምርት ነበረው። ሕጉ የፌዴራል ገንዘብና ትርፍ ምርት ለክልሎች ያከፋፍላል፤ ድርሻው የሚሰላው በተማሪው ብዛትና በክልሉ ነዋሪ የገቢ መጠን ስለሆነ ድሃዎቹ የደቡብ ክልሎች የተሻለ ድርሻ አገኙ። ማን ምሳ እንደሚያገኝ የሚወስነው ግን ክልሉና ትምህርት ቤቱ ነው። ሕጉ ለነጭና ለጥቁር የተለያየ ትምህርት ቤት ያላቸው ክልሎች ገንዘቡን በፍትሐዊነት እንዲያካፍሉ ያዝዛል። መለያየቱን ራሱን ግን አልነካውም፤ እንዳለ ተቀብሎት አለፈ። ገንዘቡ መጣ፣ ትእዛዙ ቀረ ያልኩት ይህንን ነው። ልጅዎ በትምህርት ቤቷ የምትበላው ምሳ በዚህ ሕግ ሥር ከሆነ ሕጉ ዛሬም ይጠቅማል ማለት ነው፤ ያንን መካድ አያስፈልግም።

በሠራዊት ጉዳይ በሰፊው የተመሰገነበት ሥራ በ1951 የመራው ምርመራ ነው። ፕሬዚዳንት ትሩማን ጄኔራል ማክአርተርን ከኮሪያ ጦርነት አዛዥነት ሲያነሣ አገሩ በቁጣ ተናወጠ። ራስል ጄኔራሉን ከሜይ 3 ጀምሮ በዝግ ችሎት አስቀረበ። ቃሉ እየተጻፈ፣ የጦር ምሥጢሩ በሳንሱር እየተሰረዘ፣ የቀረው በየሰዓቱ ለጋዜጠኞች ይሰጥ ነበር። ጩኸቱ ቀስ በቀስ በረደና ክርክሩ ወደ ማስረጃ ተመለሰ። የእኛው ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የደረሰው በዚያው ወር ነው፤ ዋሽንግተን ስለ ጦርነቱ ስፋት ስትከራከር ወታደሮቻችን ቡሳን ወደብ ላይ እየወረዱ ነበር። ራስል ጊዜን መሣሪያ ማድረግ ምን ያህል እንደሚችል ለማየት ይህ ምርመራ ጥሩ ምሳሌ ነው። ያንኑ ችሎታ በሲቪል መብት ላይም ተጠቀመበት።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ፤ ማገድ በተግባር እንዴት ይሠራል? ሴኔት ውስጥ የንግግር ጊዜ ገደብ የለውም። የመናገር ተራውን የያዘ ሴናተር ቆሞ እስከተናገረ ድረስ ድምፅ መስጠት አይቻልም፤ ፊሊበስተር የሚባለው ይህ ነው። ክርክሩን በግድ የሚዘጋው ውሳኔ ክሎቸር ይባላል። በ1917 ሲደነገግ በቦታው ተገኝተው ድምፅ ከሚሰጡት ሁለት ሦስተኛው ይበቃ ነበር። በ1949 ደንቡ ጠበቀና ከመላው ሴኔት ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም ያኔ ከነበሩት 96 ሴናተሮች 64 ድምፅ ሆነ። በ1959 እንደገና በቦታው ወደተገኙት ተመለሰ። የዛሬው 60 ድምፅ የመጣው በ1975 ነው፤ ልጅዎ በራስል ዘመን ላይ 60 የሚለውን ቁጥር እንዳትጽፍ።

የቀድሞው ኮንፌደሬሽን (በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ የተገነጠሉት የደቡብ ክልሎች) 11 ክልሎች 22 ሴናተሮች አሏቸው። 64 ድምፅን ለማጉደል ደግሞ 33 ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ራስል ብቻውን አላገደም፤ ሁልጊዜ ከደቡብ ውጭ አሥራ አንድና ከዚያ በላይ ሰው ማግኘት ነበረበት። አንዳንዶቹ የፌዴራል መንግሥት በንግድ እንዳይገባ የሚፈልጉ የመካከለኛው ምዕራብ ሪፐብሊካኖች ናቸው። ሌሎቹ ሕዝባቸው ጥቂት ከሆነ የምዕራብ ክልሎች የመጡ ናቸው፤ ያልተገደበ ክርክር የትንሽ ክልል ጋሻ ነው ብለው ያምናሉ። የራስል የዕለት ሥራ እነዚህን ሰዎች ሳያስቀይሙ መያዝ ነበር። ስድብ አይናገርም፣ ድምፁን አያነሣም፤ ክርክሩን ሁሌም ወደ ሕገ መንግሥቱና ወደ ክልሎች መብት ይወስደዋል። ነጭ የበላይ ነው የሚለውን እምነቱን ግን አንድም ቀን አልተወም። በ1948 ለውትድርና የሚጠሩ ሰዎች ከራሳቸው ዘር ጋር ብቻ ለማገልገል እንዲመርጡ የሚፈቅድ ማሻሻያ አቅርቦ ተሸንፏል። ለስላሳ አንደበቱን እንደ ለዘብተኛነት ማየት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ለስላሳ መሆኑ ነው ያን ያህል ዓመት ያሠራው።

ሌላው መሣሪያው ምልዓተ ጉባኤ ነው። በ1960 ሴኔቱ የሲቪል መብት ረቂቅ ይዞ ሌት ተቀን ካልተቋረጠ ስብሰባ አንወጣም ሲል ራስል 18 ሴናተሮችን በስድስት በስድስት ለሦስት ቡድን ከፈለ። አንዱ ቡድን 24 ሰዓት ይሠራል፣ 48 ሰዓት ያርፋል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዱ ተነሥቶ ምልዓተ ጉባኤ ይቆጠር ይላል። ያኔ የሕጉ ደጋፊዎች 51 ሆነው ካልተገኙ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ ደጋፊዎቹ በካፒቶል ኮሪደርና ቢሮ ውስጥ በተዘረጋ የሸራ አልጋ ላይ ተኝተው ደወል ሲደወል ዓይናቸውን እያሹ ይሮጡ ነበር፤ ተቃዋሚው ግን ተራው እስኪደርስ ቤቱ ተኝቷል። ሕግ የሚያግደው ሳይሆን ሕግ የሚፈልገው ወገን ደከመ። በዚያ ላይ ደንቡ አንድ ሴናተር በአንድ ጉዳይ ላይ በአንድ የሕግ ቀን ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይናገር ይላል። የሕግ ቀን የሚያልቀው ሴኔቱ በይፋ ሲዘጋ ነው፤ ለዕረፍት ብቻ ከተነሣ ቀኑ ለሳምንታት ሊቀጥል ይችላል። ማሻሻያ ከቀረበ ግን እንደ አዲስ ጉዳይ ስለሚቆጠር ሁለቱ ንግግር እንደገና ይጀመራል። በማርች 10 ክሎቸሩ 42 ለ53 ወደቀ፤ ከዚያ በኋላ የወጣው የ1960 ሕግ ጥርስ አልነበረውም።

ስልቱን በደንብ የሚያሳየው ግን 1957 ነው፤ ልጅዎ አንድ ዓመት ብቻ በዝርዝር ልትጽፍ ከሆነ ይህን ትምረጥ። የአይዘንሃወር መንግሥት ያቀረበው ረቂቅ አራት ክፍል ነበረው። ሦስተኛው ክፍል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በምርጫ ብቻ ሳይሆን በማንኛውም የሲቪል መብት ጉዳይ ፍርድ ቤት ሄዶ እግድ እንዲያወጣ ይፈቅዳል፤ ትምህርት ቤትም ይጨምራል ማለት ነው። ራስል ጁላይ 2 ቀን ተነሥቶ ይህ ክፍል ከአሮጌ የሕግ አንቀጾች ጋር በማጣቀሻ ተያይዞ ፕሬዚዳንቱ በደቡብ ላይ ጦር እንዲያዘምት እንደሚፈቅድ አስረዳ። በማግስቱ ጋዜጠኞች ሲጠይቁት አይዘንሃወር ራሱ አንዳንዱ የረቂቁ ሐረግ በደንብ እንዳልገባው ተናገረ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሦስተኛው ክፍል በ52 ለ38 ተቆርጦ ወጣ።

ቀጥሎ የጁሪው (ከተራው ሕዝብ ተመልምለው የሚፈርዱ ሰዎች) ጉዳይ መጣ። የፍርድ ቤት እግድ የጣሰ የምርጫ ሹም በጁሪ ይዳኝ የሚል ማሻሻያ ቀረበ። ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። የደቡብ ጁሪ የሚመለመለው ግን ከመራጮች መካከል ነው፤ ጥቁር እንዳይመዘገብ ያደረገን ነጭ ሹም ነጮች ብቻ የተቀመጡበት ጁሪ አይቀጣውም። ይህም በ51 ለ42 አለፈ። የምዕራቡ ድምፅ ከየት መጣ? ጁን ላይ የምዕራብ ሴናተሮች ለሚፈልጉት፣ ሄልስ ካንየን ለሚባለው የአይዳሆ ግድብ የደቡብ ሴናተሮች ቀድሞ የነፈጉትን ድምፅ ሰጥተው በ45 ለ38 አሳልፈውት ነበር። ግድቡን በኋላ የተወካዮች ምክር ቤት አስቀረው፤ የተቆጠረው ውለታ ግን ሥራውን ሠርቷል።

ረቂቁ እንዲህ ከተመነመነ በኋላ ራስል የራሱን ሰዎች ፊሊበስተር እንዳያደርጉ አዘዘ። ምክንያቱም ጓደኛው፣ የሴኔቱ የዴሞክራቶች መሪ ሊንደን ጆንሰን ፕሬዚዳንት ለመሆን የሚያሳየው አንድ የሲቪል መብት ሕግ ያስፈልገው ነበር፤ ራስል ደግሞ የደቡብ ሰው ፕሬዚዳንት ሆኖ ማየት ይፈልጋል። ራሱ በ1952 ተወዳድሮ የፍሎሪዳን ቀዳሚ ምርጫ አሸንፎ በዴሞክራቶች ጉባኤ የመጀመሪያ ዙር 268 ድምፅ ብቻ አግኝቶ በመጨረሻም ሳይመረጥ ቀርቷል። በዘር ላይ ያለው አቋም ከደቡብ ውጭ እንደማያስመርጠው ያኔ ለየለት። የሳውዝ ካሮላይናው ስትሮም ተርመንድ ትእዛዙን ጥሶ 24 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ተናገረ። ያ ንግግር ዝነኛ ቢሆንም አንዲት ቃል አላስቀየረም፤ ራስልንም በእጅጉ አናደደው። በታዋቂው ንግግር ፋንታ የተቆረጠውን ሦስተኛ ክፍል የሚያስታውስ ጽሑፍ መምህሯን የሚያስደስት ይመስለኛል። ከዚያ በፊት በ1956 የትምህርት ቤት መለያየትን የሻረውን ፍርድ በመቃወም የወጣውን የደቡብ ማኒፌስቶም ተርመንድ ቢጀምረውም የመጨረሻውን ረቂቅ በዋናነት የጻፈው ራስል ነው፤ 19 ሴናተሮች ፈረሙበት።

ታዲያ በ1964 ለምን ተሸነፈ? ከሁሉ በፊት ጆንሰን ነው። ጆንሰንን በ1951 ምክትል መሪ፣ በ1953 የአናሳው መሪ ያደረገው ራስል ነበር፤ ተማሪው የመምህሩን ዘዴ ሁሉ ያውቃል። ኬኔዲ ከተገደለ በኋላ ፕሬዚዳንት ሲሆን ረቂቁን ቆራርጦ መደራደር እንደማይኖር ለራስል በግልጽ ነገረው። የሴኔቱ የብዙኃኑ መሪ ማይክ ማንስፊልድ ከተወካዮች ምክር ቤት የመጣውን ረቂቅ የሚሲሲፒው ኢስትላንድ ወደሚመራው የፍትሕ ኮሚቴ ሳይልክ በቀጥታ አጀንዳ ላይ አስቀመጠው። ያ ኮሚቴ የሲቪል መብት ረቂቆች መቀበሪያ ነበር። ረቂቁን በሴኔቱ የመራው ሂውበርት ሃምፍሪ ደግሞ ከ1960 ተምሮ የራሱን ተረኛ ዝርዝር አወጣ፤ ምልዓተ ጉባኤ ሲጠራ 51 ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ይገኛል። የሌሊት ስብሰባም ቀረ። የሚደክመው ወገን ተቀየረ፤ የራስል ሰዎች አብዛኞቹ አርጅተው ነበር፣ እሱ ራሱም ሳንባውን በኤምፊዚማ ይታመም ነበር።

የራስል የራሱ ስሕተትም አለ፤ እኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው እላለሁ። በ1957 ያሸነፈው ማሻሻያ እያቀረበና እየተደራደረ ነበር። በ1964 ግን ድርድር ሽንፈት ነው ብሎ ማሻሻያዎች ለድምፅ እንዳይቀርቡ አዘገየ፤ ጊዜ ካለፈ የሰሜኑ ሕዝብ ይሰለቻል ብሎ ቆመረ። ሕዝቡ አልሰለቸም። በ1963 በበርሚንግሃም ልጆች ላይ ውሻና የውሃ ቱቦ ሲለቀቅ በቴሌቪዥን ታይቷል። የአብያተ ክርስቲያናትና የምኩራቦች መሪዎች ጥቁር ነዋሪ እምብዛም ወደሌለባቸው የመካከለኛው ምዕራብ ክልሎች ሴናተሮች እየሄዱ ይወተውቱ ነበር። ራስል ለዓመታት የተደገፈባቸው ሪፐብሊካኖች እነዚሁ ናቸው። መሪያቸው ኤቨረት ዲርክሰን ከሃምፍሪ ጋር ተደራድሮ ቃላቱን ሲያስተካክል ራስል ለመሸጥ የሚያቀርበው ነገር አልቀረውም።

ጁን 10 ቀን ጠዋት መቶውም ሴናተሮች ተገኙ። 67 ድምፅ ያስፈልግ ነበር። የካሊፎርኒያው ክሌር ኤንግል በአንጎል ዕጢ መናገር አቅቶት በተሽከርካሪ ወንበር ገብቶ ነበር። ጸሐፊው ስሙን ሲጠራ እጁን አንሥቶ ወደ ዓይኑ ጠቆመ፤ በእንግሊዝኛ «ዓይን» እና «አዎ» የሚሉት ቃላት አንድ ድምፅ ስላላቸው «አዎ» ማለቱ ተቆጠረ። ውጤቱ 71 ለ29 ሆነ። በሲቪል መብት ረቂቅ ላይ ክሎቸር ሲያልፍ ያ የመጀመሪያው ነው። ጁን 19 ቀን ሕጉ በ73 ለ27 ጸደቀ፤ ጆንሰን ጁላይ 2 ፈረመበት። ራስል ሕጉን እስከ መጨረሻው ቢቃወምም ከጸደቀ በኋላ የጆርጂያ ሰዎች ያለ ሁከት እንዲያከብሩት በአደባባይ መክሯል። ይህ ይመዝገብለት።

ያገደው ያስከፈለው ዋጋ ደግሞ አብሮ ይመዝገብ። በ1930ዎቹ የቀረቡትን የሊንቺንግ (በመንጋ ያለ ፍርድ መግደል) መከላከያ ረቂቆች ካገዱት ፊሊበስተሮች ውስጥ ነበረበት። ያ ወንጀል በፌዴራል ሕግ የተደነገገው በማርች 2022 ነው። ሴኔቱ ስለ እነዚያ ሁሉ እግዶች በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2005 ነበር። አሥርና ሃያ ዓመት የዘገየ ሕግ በወረቀት ላይ የቀን ልዩነት ይመስላል። መካከሉ ላይ ግን ድምፅ ሳይሰጡ ያረጁ፣ ፍትሕ ሳያዩ የተገደሉ ሰዎች አሉ።

ስለ ቀረው ዘመኑ አጠር አድርጌ ልንገርዎ። የኬኔዲን ግድያ የመረመረው የዋረን ኮሚሽን አባል የሆነው ጆንሰን አስገድዶት ነው፤ አልፈልግም ቢልም ስሙ ለጋዜጠኞች ተነግሮ አልቋል። አንድ ጥይት ኬኔዲንም አገረ ገዥ ኮናሊንም መታ የሚለውን ድምዳሜ አልተቀበለም ነበር። ስለ ቬትናምም በ1954 ፈረንሳዮችን ለመርዳት መግባትን ተቃውሟል፤ በሜይ 1964 ለጆንሰን በስልክ ጉዳዩ መውጫ የሌለው ጣጣ መሆኑን ነግሮታል። ወታደር ከዘመተ በኋላ ግን በጀቱን አልነፈገም። እነዚህ የስልክ ንግግሮች ተቀድተዋል፤ ልጅዎ የሰውየውን ድምፅ ልትሰማ ከፈለገች የጆንሰን ቤተ መጻሕፍት ቅጂዎች ይገኛሉ። ወረቀቶቹ ደግሞ ከእናንተ ሩቅ ባልሆነው በአቴንስ ከተማ፣ በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ በስሙ በተጠራው ቤተ መጻሕፍት አሉ። ራስል የሞተው ጃንዋሪ 21 ቀን 1971 ነው።

ዋሽንግተን ያለው የሴኔቱ የቢሮ ሕንፃ በስሙ የተጠራው በሞተ በዓመቱ፣ በ1972 ነው፤ የወሰኑት ለዓመታት አብረውት የሠሩት ሴናተሮች ናቸው። አትላንታ መሀል ያለው የፌዴራል ሕንፃም ስሙን ይዟል። በኦገስት 2018 ሴናተር ጆን ማኬይን ሲሞት የሴኔቱ ዴሞክራቶች መሪ ቻክ ሹመር የሴኔቱ ሕንፃ በማኬይን ስም ይጠራ ብሎ ነበር። የደቡብ ሪፐብሊካኖች ስላልተቀበሉት ሐሳቡ ቆሞ ቀረ። የሕንፃው ስም በሴኔቱ ውሳኔ የመጣ ስለሆነ በሴኔቱ ውሳኔ ሊነሣ ይችላል፤ ጎድሎ የቆየው የሚያስፈልገው ድምፅ ነው።

በመጨረሻም በብዙ ጽሑፎች የማየው አንድ መደናገር አለ። የራስል ወንበር ራፋኤል ዋርኖክ የያዘው ነው የሚሉ አሉ፤ አይደለም። ዋርኖክ የያዘው የሌላኛውን፣ የዋልተር ጆርጅንና የኸርማን ታልማጅን ወንበር ነው። የራስል ወንበር በሳም ነንና በማክስ ክሊላንድ በኩል አልፎ ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ የጆን ኦሶፍ ሆነ።